ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ስናላቅቅ

ጥር 10

ዛሬ ከተራ ነው። እማዬ ለነገ የሐበሻ ቀሚሷን ልታወጣ የኋላውን ክፍል ቁም ሣጥን ከፈተች። ቀሚሱ ጀርባው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተዘራበት መስሏል። ሻጋታ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ የኔው ሳይበጣጠስ ሻገተ» አለች። ሳቅን። ከሥር የአባቴን ጥቁር የቆዳ ጫማ ሳወጣ ግን ሳቁ ቆመ። ጫማው አረንጓዴ ሆኗል።

ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን ቁም ሣጥኑን ጎተትነው። ከኋላው ያለው የግድግዳ ቀለም እንደ ፊኛ አብጧል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ተሰነጠቀና ነጭ ዱቄት ረገፈ። ጨው ነው። ውሃ ከመሬት ሲወጣ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ከወለሉ እስከ ጉልበቴ በላይ ድረስ፣ በሜትር ስለካው 65 ሳንቲ ሜትር፣ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ወሰን አለ። ከዚያ በላይ ደህና ነው።

ያሳሰበኝ ወሩ ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ይጥላል። ያኔ ግድግዳ ቢረጥብ አይገርምም። አሁን ግን ጥር ነው። በጥር ያልደረቀ ግድግዳ መቼ ሊደርቅ ነው?

ጥር 13

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አባቴ ነው ያሠራው። ከስድስት ዓመት በፊት «እንደ ሰው ይሁንልን» ብለን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ አስለስነን ፕላስቲክ ቀለም አስቀባነው። በጣም አምሮ ነበር።

ዛሬ አንድ ግንበኛ መጥቶ አየው። «ይሄ ቀላል ነው። አራግፈን በሲሚንቶ ደግመን እንለስናለን፣ ውሃ የማያስገባ ኬሚካል እንቀላቅልበታለን፣ አለቀ» አለኝ። ልስማማ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ጎረቤታችን ሽማግሌው አናጢ በአጥር በኩል ሲሰሙ ቆይተው ኖሮ፣ ግንበኛው ሲሄድ ገቡ። ምንም ሳይናገሩ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩ ጀመር። አንዱ ጋ ድምፁ ጥጥር ያለ ነው፤ ሌላው ጋ እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል።

«ሰማሽ ልጄ? ልስኑ ግድግዳውን ለቆታል። ለብቻው ነው የቆመው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶ ይተፋል። እናንተ አፉን ደፈናችሁት።»

ጥር 14

የሰውየውን ቃል ባምነውም በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከላስቲክ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን ከታች እርጥቡ ላይ፣ ሌላውን ከላይ ደረቅ የሚመስለው ላይ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቄ ለጠፍኩ። ለሁለት ቀን አይነካም። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ከግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት፣ ከክፍሉ በኩል ከታየ ደግሞ የቤቱ አየር እርጥበት ነው ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ የሚያልበው። መድኃኒታቸው ይለያያል።

ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ ባለ ባትሪ መሣሪያም ገዛሁ። ወንድሜ «አሁን ደግሞ ሜትዎሮሎጂ ከፈትሽ» ይለኛል።

ጥር 16

የታችኛው ላስቲክ ከጀርባው ረስርሷል። ስገልጠው ጠብታው ወደ ወለሉ ወረደ። የላይኛው ደረቅ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ነገር ከመሬት የሚመጣ ነው። ግንበኛውን አልጠራውም።

ጥር 24

ዛሬ ከውጭ በኩል ዞርኩ። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ይሄ ነበር።

የመሠረቱ ድንጋይ አይታይም። አባቴ ቤቱን ሲያሠራ ድንጋዩ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ልጆች ሆነን እንቀመጥበት ነበር። ባለፉት ዓመታት ከዳገቱ የታጠበው አፈር፣ የወለል ጥራጊው፣ የእማዬ አትክልት ተደራርቦ ድንጋዩን ውጦታል። አሁን አፈሩ በቀጥታ ጭቃውን ነክቶታል። ድንጋይ ብዙ ውሃ አይስብም፤ ጭቃ ግን እንደ ኩራዝ ክር ነው፣ ከሥር እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል።

በዚያ ላይ አሸንዳ የለንም። ቤቱ 60 ካሬ ሜትር ነው እንበል፤ የጣሪያው ግማሽ ወደ ኋላ ያዘነብላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ፣ ይሄ ለጅማ የተለመደ ከሰዓት ነው፣ 300 ሊትር ከዚያ ግድግዳ ሥር ይፈስሳል። 15 ጀሪካን። ሆን ብለን በየቀኑ 15 ጀሪካን እየተሸከምን ግድግዳችን ሥር ብንደፋ ሰው ምን ይለናል?

ቁፋሮው ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ዋናው ትግል ግን ከአፈሩ ጋር አይደለም፤ ከጤና አዳሙ ጋር ነው። እማዬ «እሱን ከነካሽው ቡናዬን በምን ልጠጣ ነው» ብላ ቆመችብኝ። ከግድግዳው ሁለት ሜትር አርቄ እንደምተክለው ቃል ገባሁ። ደማከሴው ያለ ክርክር ተነሣ።

ጥር 27

አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ድንጋዩ ወጣ። መሬቱን ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርገን መታነው። ከዳገቱ በኩል የሚመጣውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት። ወገቤ ተቆርጧል።

የካቲት 3

ሲሚንቶውን ማውለቅ ጀመርን። አናጢው በመዶሻ ጫፍ ጠርዙን ፈልቀቅ ሲያደርጉት በር የሚያህል ቁራጭ እንዳለ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ጠቁሯል፤ በእጄ ስጨብጠው እንደ ሊጥ ተጠፈጠፈ። ውሃው ስድስት ዓመት እዚያ ውስጥ ነበር።

ከማዕዘኑ ሁለተኛው ቋሚ ጋ ስንደርስ ሰውየው ዝም አሉ። ቢላ አውጥተው እንጨቱን ወጋ አደረጉት። ቢላው እስከ እጀታው ገባ። የታችኛው 40 ሳንቲ ሜትር ከላይ ቅርፊቱ ብቻ ነው የቀረው፤ ውስጡን ምስጥ በልቶ በአፈር ሞልቶታል። ጣሪያው በዚህ በኩል በምን እንደቆመ እግዜር ይወቀው። ምስጥ እርጥብ እንጨት ይወዳል። ሲሚንቶው ደግሞ መጋረጃ ሆነለት፤ ከውጭ ምንም አይታይም ነበር።

ጣሪያውን በጊዜያዊ ድጋፍ ይዘን የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን። አዲሱን እንጨት አፈር ውስጥ አልቀበርነውም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው። ከውጭ በኩል ላለው ቀባን። ከውስጥ ግን እምቢ አልኩ። የምተኛበት ክፍል ጋራዥ ጋራዥ እንዲሸት አልፈልግም።

የካቲት 15

ግድግዳው ተራቁቶ እየደረቀ ነው። እስከዚያ ወደ ጣሪያው ወጣሁ፤ ሙቀቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በጅማ ሙቀቱና ዝናቡ አብረው አይበረቱም። የሚጋግረው አሁን ነው፣ ከየካቲት እስከ መጋቢት። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከውጭ ጥላ ሥር 29 ዲግሪ፣ የኋላው ክፍል ውስጥ 32። ቤቱ ከውጭው ባሰ ማለት ነው። ወንበር ላይ ቆሜ ኮርኒሱን ስነካው ልክ ከካውያ የወጣ ልብስ ይመስላል። ቆርቆሮው ዝጎ ቡናማ ሆኗል፤ የጠቆረ ቆርቆሮ ፀሐይን ይውጣል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል የታፈነው አየር መውጫ የለውም። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ አቧራና አይጥ እንዳይገባ ብዬ በጨርቅና በጋዜጣ የጠቀጠቅኳቸው እኔው ነኝ። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ሌላም ነገር ተገለጠልኝ። ኮርኒሱ ላይ የሻይ ብርጭቆ የተቀመጠበት የሚመስሉ ቡናማ ክቦች አሉ። ቆርቆሮ ያፈሳል ብለን ሁለት ጊዜ ሚስማር አስመትተናል። ግን ክቦቹ በኅዳርና በታኅሣሥም ይጨምሩ ነበር፤ ዝናብ በሌለበት! ነገሩ የአክንባሎ ጉዳይ ነው። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ከሥሩ እንደሚያልበው፣ ከማድ ቤት የሚወጣው እንፋሎት ተሰንጥቆ ካለው ኮርኒስ ወደ ላይ ይገባል። ሌሊት ሰማይ ሲጠራ ቆርቆሮው ይበርዳል። እንፋሎቱ እዚያ ላይ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። በሚስማር የሚድን በሽታ አልነበረም።

ሥራው አንድ ቀን ነው የፈጀው። በሁለቱ የቤቱ ጫፎች፣ ከኮርኒሱ በላይ ካለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሚያህል መስኮት ከፈትን፤ ለአይጥና ለሌሊት ወፍ በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው። ጋዜጣዬን አወጣሁ። ከማድ ቤቱ በላይ ያለውን የኮርኒስ ስንጥቅ ደፈንን፤ ለእንፋሎቱ ደግሞ በማድ ቤቱ በራሱ ግድግዳ ላይ ከፍ ያለ መውጫ ሠራንለት።

የካቲት 20

ቆርቆሮውን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግን፤ ዝገት የሚከላከል አንቲረስት ቀብተን ከላዩ ነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ ደረብንበት። ነጭ ቀለም ሙቀት ስለማይሰበስብ ነው። ወጥቶ የሚቀባው ወንድሜ ነበር፤ ጧት 12 ሰዓት ጀምሮ 3 ሰዓት ላይ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ እግር አያስረግጥም። ጎረቤት ልጆች «ሆስፒታል ሆነ» ብለው ስም አወጡልን።

የካቲት 26

ከቀኑ 8 ሰዓት። ውጭ 29፣ ውስጥ 28። እማዬ ማራገቢያ ልትገዛ ያስቀመጠችውን ብር ለበግ አዛውራዋለች።

መጋቢት 2

ትናንት የምርጊት ቀን ነበር። ያበላሸሁትም ያኔ ነው።

ሰው ሳልጠይቅ ከአንድ ቪዲዮ አይቼ ጧት ጭቃ አቦካሁ፣ ከሰዓት መረግኩ። ጭዱንም የቆጠብኩ ይመስለኛል። ፀሐዩ ብርቱ ስለነበር ዛሬ ልየው ስሄድ ግድግዳው እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። አንዳንዱ ስንጥቅ ሳንቲም ያስገባል።

ጓሮ ለጓሮ የምንዋሰናቸው እማማ መጥተው አዩና «ልጄ፣ አላብላላሽውም» አሉኝ። ጭቃና ጭድ ተቀላቅሎ በውሃ ይተኛል፤ በየቀኑ ይረገጣል፤ ጭዱ እስኪልም፣ ሽታ እስኪያመጣ ይጠበቃል። ያኔ ነው የሚያያዘው። የእሳቸው ልክ በእጅ ነው፦ ጭቃውን ጨብጠው ኳስ አድርገው ከወገባቸው ከፍታ ይለቁታል። ፍርክስክስ ካለ ጭድ ያንሰዋል። ጥፍጥፍ ካለ ውሃ በዝቶበታል። እንዳለ ጉብ ካለ ደርሷል።

የመረግኩትን ፍቄ መልሼ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። ጭቃ አይጣልም፤ ሲሚንቶ ቢሆን ከስሬ ነበር።

መጋቢት 11

ዘጠኝ ቀን ተብላልቷል። ሽታውን አልገልጸውም። የመጀመሪያውን ድርብ ስስ አድርገን መረግን፤ ግድግዳውን አስቀድመን በውሃ ረጨነው፣ አለዚያ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ በአንዴ ይጠጣዋል። እማማ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡበት። እጃቸው ግድግዳው ላይ ሲሄድ ቅስት ቅስት እየሠራ ነው፤ የእኔ እጅ ግን ጉብታ ብቻ።

መጋቢት 15

ሌሊት ዘነበ። ከውጭ በኩል ያለው ምርጊት ገና እርጥብ ነው። በባዶ እግሬ ወጥቼ ሸራ ስዘረጋ ከጎረቤት ቤትም ባትሪ በርቶ ሰው ሲሯሯጥ አየሁ፤ እሱ የሚሸፍነው ቡና ነው። ከአጥሩ ማዶ «አይዞሽ!» አለኝ። እኔም «አይዞህ!» አልኩት። ከታች በኩል አንድ ክንድ ያህል ታጥቦ ሄደ። ሌላው ተረፈ።

ሚያዝያ 6

አሸንዳው ገባ። በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ ማዕዘኑ ይወርዳል፣ ከዚያ በቱቦ ወደ በርሜል፣ የሞላው ወደ ቦዩ። ቆርቆሮውም በአንድ ክንድ እንዲረዝም ከጫፉ ጨመርንበት። ይሄን ከጅሬን ነው የሰረቅኩት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነቱ ሰፊ ነው፤ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ ይወጣል፤ ዝናብ በቀጥታ ግድግዳው ጋ አይደርስም። ትምህርት ቤት ሳለን ስንቴ ወስደውናል፤ ያኔ የንጉሡን ዕቃ እንጂ ጣሪያውን ማን ያያል።

ሚያዝያ 20

ፕላስቲክ ቀለም የለም፤ ኖራ ነው። ኖራ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ግድግዳው እየተነፈሰ ይቆያል። እንደ ወተት እስኪቀጥን በውሃ በጥብጠን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ቀባን። ሲቀባ ምንም ያልያዘ ይመስላል፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ለወንድሜ ተናግሬው ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ጠብ አለችበትና ሲያቃጥለው ነው ያመነኝ። ዓይን ውስጥ ብትገባ ቀልድ የለም።

ሐምሌ 9

ክረምቱ ገብቷል። ሦስት ቀን ፀሐይ አላየንም። የኋላው ክፍል እርጥበት 78 በመቶ ያሳያል። ውጭ ያለው 90ን አልፏል። ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ይቀዘቅዛል እንጂ አይረጥብም።

እማዬ ክፍሉን «ላድርቀው» ብላ ማታ የከሰል ምድጃ ልታስገባ ስትል ያዝኳት። ከሰል ካልጨሰ አይጎዳም የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው። በር ተዘግቶ ከሰል አይነድም፣ በቃ።

ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሰዓት፣ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ጉሙ ሲወርድ ይዘጋል። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣም፤ አንድ ገመድ ልብስ የሚያወጣው ውሃ የትም አይሄድም፣ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው።

ሐምሌ 22

ከበሩ ጀርባ ትንሽ ሻጋታ ብቅ አለች። እማዬ በረኪና ይዛ ደረሰች። በረኪና መልኩን ያነጣዋል እንጂ ጭቃ ውስጥ የገባውን አይነቅለውም። እኔ በአቼቶ በነከርኩት ጨርቅ ወልውዬ አደረቅኩት፤ በሩም ቀን ቀን ከግድግዳው ተለቆ እንዲውል አደረግኩ። ሁለቱን መቀላቀል ግን ክልክል ነው፤ በረኪና ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ነሐሴ 4

ያ «አይዞሽ» ያለኝ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጣ። ቁም ሣጥኑ መሃል ቤት ተገትሮ ሲያይ ጠየቀኝ፤ ታሪኩን ነገርኩት። «እኛ እኮ ቡና ስናስቀምጥ ጆንያው ወለል አይነካም፣ በርብራብ ላይ ነው። ከግድግዳም ይርቃል። ከግድግዳ የተጠጋ ጆንያ ጣዕሙ ይበላሻል» አለኝ። አልጋህስ? አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። አልጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

መስከረም 8

ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። አራት እግሩ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ገብቷል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቋል። እማዬ በየሁለት ቀኑ ሰው ሳያያት ወደ ኋላ ትገፋዋለች፤ «ቤቱ ጠበበኝ» ነው ምክንያቷ። እኔም በየሁለት ቀኑ እስበዋለሁ።

የላስቲኩን ፈተና ደገምኩት። የታችኛው ከጀርባው ደረቅ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ። እርጥበቱ 70። የአባቴ ጫማ ተወልውሎ ቆሟል፤ ማንም አያደርገውም፣ ግን ጥቁር ነው።

የማድ ቤቱ ግድግዳ ቀርቷል። እሱም ሲንኳኳ እንደ በርሜል ያስተጋባል። ከጥር በፊት አይነካም። ጭዱን ግን ጤፍ ሲወቃ እንዲያመጡልኝ ከአሁኑ አዝዣለሁ፤ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ፣ በዚህ ጊዜ አልቆጥብም።